ከጉባኤ ቤት ወደ ሥራ ገበታ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር ይባላል። በዚህ ዕለት ቤተ ክርስቲያናችን ጌታችን ያስተማረውን የመክሊት ምሳሌ ታነብባለች፤ ትዘምራለች፤ ትሰብካለች (ማቴ. 25፥14-30)። አምስት መክሊት የተቀበለው ሌላ አምስት፣ ሁለት የተቀበለውም ሌላ ሁለት አተረፈ፤ አንድ የተቀበለው ግን መሬት ቆፍሮ ቀበረው። ስብከቱን ከልጅነታችን ጀምሮ የሰማነው በመሆኑ መክሊት ሲባል ወዲያው የሚታሰበን ክህነት፣ ስብከት፣ ዝማሬ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አገልግሎት ነው። ይህም ትክክል ነው። ነገር ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለብዙዎቻችንም እስከ ቅዳሜ ድረስ፣ የቀኑን ብርሃን የምንጨርስበት የእንጀራ ሥራችንስ ከመክሊቱ ውጭ ነውን?

ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ወጣቶች በየጊዜው ያጋጥሙኛል። መልሳቸው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ ወገን፣ መንፈሳዊ ሰው ስለ ደረጃ ዕድገትና ስለ ደመወዝ ማሰቡ ዓለማዊነት ነው ይላል፤ ሥራውንም ደመወዝ እስኪወጣ ድረስ የሚታገሡት ሸክም አድርጎ ያየዋል። ሌላው ወገን ደግሞ በየመንገዱ ዳር ተዘርግተው የሚሸጡትን የስኬት መጻሕፍት አንብቦ፣ ሰው አጥብቆ ከተመኘና በራሱ ከተማመነ የማይደርስበት ቦታ የለም ብሎ ያምናል፤ ጸሎቱንም የምኞቱ ማስፈጸሚያ ያደርገዋል። የመጀመሪያው መክሊቱን ይቀብራል፤ ሁለተኛው የመክሊቱን ባለቤት ይረሳል።

በሥራ የሚያሳድጉን ልማዶች አብዛኞቹ ከሩቅ የሚመጡ አይደሉም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ለዘመናት ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው። እኔ ራሴ በዚያ ሥርዓት አድጌ ሳለሁ፣ ተቀጥሬ ቢሮ ስገባ ሥርዓቱን ከበር ውጭ ትቼው ገባሁ። ያም ያመጣብኝን ጣጣ አስቀድሜ ልናገር።

ያልተቆጠረው ቆጠራ

የአብነት ትምህርቴን በገጠር ተከታትዬ፣ ኋላም በነገረ መለኮት ዲፕሎማ ከያዝሁ በኋላ፣ በአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ተቀጠርሁ። ሥራዬ ገቢውን ዕቃ በሞዴል 19 መቀበል፣ ወጪውን በሞዴል 22 ማስወጣት፣ ሁለቱንም በቢን ካርድ ላይ መመዝገብ፣ በወሩ መጨረሻም በመደርደሪያ ላይ ያለውን ቆጥሮ ከካርዱ ጋር ማመሳከር ነበር። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥትንና ታማኝነትን ግን ይጠይቃል።

ጊዜው ጥቅምት 27፣ የመድኃኔ ዓለም በዓል ነበር። ሌሊቱን ማኅሌት ቆሜ አድሬ፣ ቅዳሴውንም ተራዳሁና በቀጥታ ወደ ሥራ ሄድሁ። ዕለቱ የወሩ ቆጠራ የሚጀመርበት ነበር። ዐይኔ በእንቅልፍ ሊከደን እየታገለኝ ስለ ነበር ወደ መደርደሪያው አልተጠጋሁም፤ በካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ወደ ቆጠራ ቅጹ ገለበጥሁና ፈረምሁበት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኦዲተር መጥቶ ሲቆጥር አሥራ አንድ ካርቶን የማተሚያ ቀለም ጎደለ። ኋላ እንደ ታወቀው ዕቃው አልተሰረቀም፤ አንድ ክፍል በጥድፊያ ወስዶት ወጪ ሳይቆረጥለት የቀረ ነበር። እኔ በጊዜው ቆጥሬ ቢሆን ኖሮ ግን በዚያው ሳምንት ይታወቅ ነበር።

የክፍሉ ኀላፊ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ፣ የሌላ እምነት ተከታይ ሴት ነበሩ። ለምን እንዳልቆጠርሁ ሲጠይቁኝ፣ "ማኅሌት አድሬ ስለ ነበር ደክሞኝ ነው" አልኋቸው። አልተቆጡም። "ዲያቆን፣ አንተ ሃይማኖተኛ መሆንህን እኛ የምንሰማው ሥራ በጎደለ ቀን ብቻ ነው" አሉኝ። ከዚያም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዬን ፈርመው ሰጡኝ።

ማስጠንቀቂያው በማኅደሬ ውስጥ ተቀመጠ። ንግግራቸው ግን ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ጀመር። ሴትዮዋ ስለ ማኅሌት፣ ስለ ቅዱስ ያሬድ፣ ስለ መድኃኔ ዓለም ቸርነት ከእኔ የሰሙት አንዳች በጎ ነገር የለም፤ የሰሙት ቢኖር የስንፍናዬ ማመካኛ ሆኖ ሲቀርብ ብቻ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ በእኛ ምክንያት የእግዚአብሔር ስም በአሕዛብ ዘንድ ሊሰደብ እንደሚችል ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ (ሮሜ 2፥24) እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ይሆናል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር።

በነቢዩ ዳንኤል ላይ የተነሡት ሹማምንት ያደረጉትን እዚህ ላይ ማስተዋል ይጠቅማል። ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናውቀው ከአንበሶቹ ጉድጓድ ጀምሮ ነው። መጽሐፉ ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ይነግረናል፦ ከሳሾቹ መጀመሪያ የመረመሩት የመንግሥት ሥራውን ነበር። ቸልተኛነትም በደልም ፈለጉበት፤ አላገኙም። ያጡ ጊዜ ነው በአምላኩ ሕግ በኩል ካልሆነ በቀር ልንከስሰው አንችልም ያሉት (ዳን. 6፥4-5)። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ የሚጸልይ ሰው ነበር፤ ጸሎቱ ግን ከሥራው አንዳች አላጎደለበትም። እኔን የመረመረኝ ኦዲተር ብዙ አልደከመም፤ የመጀመሪያውን መደርደሪያ እንደ ጨረሰ አገኘኝ።

"የሚሰማህ ሰው ፈልግ"

በዚያው ዓመት ለጥምቀት በዓል ወደ ተማርሁበት አጥቢያ ሄጄ ይህን ሁሉ ለየኔታ አጫወትኋቸው። ረጅም ተግሣጽ ጠብቄ ነበር። የኔታ ግን ዝም ብለው ሲሰሙኝ ቆይተው፣ "ከእኛ ዘንድ ሳለህ ሳትቀጽል 'ቀጽያለሁ' ብለህ ታውቃለህን?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

"ስለ ምን?"

"የኔታ ስለሚሰሙኝ ነዋ።"

"እንግዲያስ እዚያም የሚሰማህ ሰው ፈልግ" አሉኝና ስለ አዝመራው ወደ ማውራት ተሻገሩ።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው የነገሩን ክብደት ያውቀዋል። ላላለፈው ግን ትንሽ ላብራራ። ቀለም የምንለው ተማሪው በየዕለቱ ከመምህሩ የሚቀበለው የትምህርት ድርሻ ነው። ድርሻው ትንሽ ነው፤ ተማሪው እየደጋገመ አጥንቶ በቃሉ ይይዘዋል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ያደርሳል። መምህሩም ይሰማል፤ የተሳሳተውን በዚያው ቅጽበት ያርማል። ትናንት የተቀበለው ሳይሰማለት ዛሬ አዲስ ቀለም አይሰጠውም። በዚህ ሥርዓት ውስጥ "ያጠናሁ መስሎኝ ነበር" የሚባል ነገር ቦታ የለውም፤ ያጠናም ያላጠናም በቃሉ ይታወቃል።

ድርሻው ትንሽ መሆኑ ራሱ ትልቅ ጥበብ አለው። በንባብ ቤት ሕፃኑ ዳዊት ተሰጥቶት አይጀምርም። ከፊደል ይነሣል፤ አቡጊዳን ያልፋል፤ መልእክተ ዮሐንስን፣ ቀጥሎም ወንጌለ ዮሐንስን ያነብባል፤ ወደ መዝሙረ ዳዊት የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያም ብቻ አይደለም። ያንኑ ገጽ መጀመሪያ ፊደል በፊደል በቁጥር፣ ቀጥሎ በግእዝ፣ መጨረሻም በውርድ ንባብ ይመላለስበታል። በችኮላ ዘመን ላለን ለእኛ ይህ ጊዜ ማባከን ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን አዲስ ሥራ ላይ የተመደበ ሰው የመጀመሪያውን ወር እንዲህ ቢያሳልፍ፣ አንዱን ቅጽ ሦስት ጊዜ በዝግታ እየተመላለሰበት ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ቢያውቅ፣ በሁለተኛው ዓመት ከእርሱ ቀድመው ከገቡት የሚበልጥበት ቀን ይመጣል።

በቅኔ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ተማሪው ብቻውን ወደ ዱር ወይም ወደ ወንዝ ዳር ወጣ ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ጀማሪ ከሆነ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እየበረታ ሲሄድ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ማታ የቆጠረውን ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆማል። ቀኑን ሙሉ የለፋበት ቅኔ ሰዋስዉ ሲጋጭ፣ ምሥጢሩ ሲደኸይ፣ ቤቱም ሳይመታ ሲቀር በጓደኞቹ ሁሉ ፊት ይፈርስበታል። አንዳንዱ ማታ ያለቅሳል፤ እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ። በማግሥቱ ግን የትናንቱን አይደግምም፤ ሌላ አዲስ ሊቆጥር ይወጣል። ቅኔ አንድ ጊዜ ከተነገረ አይደገምምና። የሰውን እርማት ሳይጠሉ፣ በትናንቱም ሳይኩራሩ ወይም ሳያፍሩ ዛሬ አዲስ መጀመር ከዚያ የሚገኝ ልማድ ነው። በመሥሪያ ቤት ሕይወት የታዘብሁት ትልቁ ድክመት ይህ ልማድ ማጣት ነው፤ የጻፈው ደብዳቤ በቀይ እስክሪብቶ ተሠርዞ ሲመለስለት የተናቀ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ደብዳቤው እንጂ እርሱ አልተሠረዘም።

የየኔታን ምክር ይዤ ስመለስ ያደረግሁት ይህን ነው። በንብረት ክፍላችን መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተዛወረ ነበር፤ እኔ ደግሞ ኤክሴል የሚባለውን አላውቅም። ከእኔ በዕድሜ የምታንስ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ግን አሳምራ ትሠራበታለች። "በየቀኑ አንድ ነገር አጥንቼ ከሥራ መውጫ ላይ አሳይሻለሁ፤ አንቺ ብቻ ትክክል ነው ወይም አይደለም በዪኝ" አልኋት። እየሣቀች ተስማማች። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በቀን አንዲት ቀመር። የመጀመሪያው ሳምንት አሳፋሪ ነበር፤ በሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራት ልትሆን የምትችል ልጅ "ዲያቆን፣ ይህ እኮ ትናንት የተሳሳትኸው ነው" ስትለኝ ኩራቴ ይቆጣ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ግን የክፍሉን የወር ቆጠራ በአንድ ሠንጠረዥ አዘጋጅቼ አቀረብሁ። የቆጠራ ቅጼንም ሳልጠየቅ፣ ሌላ ሠራተኛ አብሮኝ እየቆጠረ እንዲፈርምበት አደረግሁ። ሰው የሚዋሸው ብዙ ጊዜ ብቻውን ሲሆን ነው። እግዚአብሔር እንደሚያይ ማመን በቂ ሊሆን በተገባ ነበር፤ ለደካማ ሰው ግን አጠገቡ የሚቆም ወንድም ያስፈልገዋል።

በጉባኤ ቤት ያለ ሌላ ልማድም እንዳይዘነጋ። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል። ድጓ የሚማረው ጾመ ድጓ የሚማረውን፣ ዳዊት የሚደግመው ፊደል የሚቆጥረውን ይዞ ይቀመጣል። በመሥሪያ ቤቶቻችን ግን ዕውቀትን መሸሸግ እንደ ዋስትና ይቆጠራል፤ "ካሳየሁት ቦታዬን ይወስዳል" ይባላል። መክሊትን መቅበር ማለት ከዚህ የከፋ ምን አለ? ያስተማረ ሰው ራሱ ያላወቀውን የሚያውቀው ሲያስተምር ነው፤ ይህን ማንኛውም አስቀጻይ ይመሰክራል።

ስለ ጽናት ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሰው የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ፣ አንዲት ትል ዛፍ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ ተጽናና። ሁላችንም ትሏ ላይ እናቆማለን። ነገር ግን ቅዱስ ያሬድ ትሏን አይቶ ብቻውን ሊማር አልወሰነም፤ ወደ መምህሩ ወደ አባ ጌዴዎን ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ እንደ ገና ለመታረም ራሱን ሰጠ። ታሪኩ ለእኔ እዚህ ላይ ይበረታል።

በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ11 ሰዓት

ቅዱስ ዳዊት በቀን ሰባት ጊዜ እንደሚያመሰግን ተናግሯል (መዝ. 118፥164)። ቤተ ክርስቲያናችንም ይህን ይዛ ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ሠርታልናለች፦ ነግህ፣ ሠለስቱ ሰዓት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም እና መንፈቀ ሌሊት። ከእነዚህ ውስጥ አራቱ፣ ማለትም የ3፣ የ6፣ የ9 እና የ11 ሰዓቶቹ፣ በሥራ ቀን ላይ የሚውሉ ናቸው። ይህን ሳስተውል ለሥራ ቀኔ ሌላ የጊዜ ሰሌዳ መፈለግ ተውሁ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእነዚህ ሰዓቶች ከወንበሬ እነሣለሁ፤ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት አደርሳለሁ፤ ከዚያም ካለፈው ሰዓት ጀምሮ ምን እንደ ሠራሁና እስከ ሚቀጥለው ምን እንደምሠራ ራሴን እጠይቃለሁ። ሁሉም በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ማንም አያየኝም፤ የሚያየኝ ቢኖር ወገቡን ሊያፍታታ የተነሣ ሰው ይመስለዋል። የጠዋቱን የመጀመሪያ ክፍል፣ እስከ 6 ሰዓት ያለውን፣ ሐሳብን ለሚጠይቅ ከባድ ሥራ እሰጠዋለሁ። ስብሰባና ደብዳቤ ማመላለስ ከ9 ሰዓት በኋላ ቢሆኑ አይጎዱም።

ታላቁ አባት ቅዱስ እንጦንስ በበረሓ ሳለ በሀኬት በተያዘ ጊዜ የታየውን አባቶች ጽፈውልናል። አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፣ ከዚያ ተነሥቶ ሲጸልይ፣ ተመልሶም ተቀምጦ ሥራውን ሲቀጥል አየ፤ መልአክ ነበር። ለብቸኛ መነኩሴ የተሰጠው መድኃኒት ሥራን ትቶ መጸለይ ወይም ጸሎትን ትቶ መሥራት አልሆነም፤ ሁለቱን ማፈራረቅ ሆነ። ቅዱስ ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን እየሰፋ ነው ወንጌልን የሰበከው (የሐዋ. 18፥3)።

ስለ ስልክ ብዙ መናገር አልፈልግም፤ ሁላችንም ቁስላችንን እናውቃለን። ይህን ብቻ ልበል፦ ኦርቶዶክሳዊ ሰው ፈቃዱን መግታት አይችልም ማለት ይከብዳል። 55 ቀን ከጥሉላት የሚከለከል፣ በፍልሰታም እስከ ቅዳሴ ፍጻሜ እህል ውኃ የማይቀምስ ሰው ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ስልኩን በመሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አያቅተውም። ጉልበቱ አለን፤ ወደ ሥራ ገበታችን አላመጣነውም እንጂ።

በዓልና ሥራ

ይህ ክፍል ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። በዓላትን ማክበር የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው፤ የሚነቅፉትም ብዙ ጊዜ የሥራ ባህልን ሰበብ አድርገው ሃይማኖትን የሚነቅፉ ናቸው። ይሁን እንጂ ሰንበትን እንድናከብር የታዘዝንበት ቃል በስድስቱ ቀን ሥራችንን ሁሉ እንድንሠራም ያዝዛል (ዘጸ. 20፥8-10)። ትእዛዙ አንድ ሆኖ ሳለ ግማሹን ይዘን ግማሹን ልንተው አንችልም። በዓሉን ሳያከብር፣ ቅዳሴም ሳያስቀድስ፣ "ዛሬ እኮ በዓል ነው" እያለ ሥራውን የሚያጓትት ሰው ሁለቱንም አጥቷል።

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቷን አስቀድማ የምታውቅ ናት። በባሕረ ሐሳብ ስሌት የዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ትንሣኤና ጰራቅሊጦስ የሚውሉበት ቀን በመስከረም 1 ይታወቃል። እኔም ከማስጠንቀቂያው ወዲህ በየዓመቱ መስከረም ላይ የቀን መቁጠሪያ ዘርግቼ፣ ማኅሌት የማድርባቸውን ሌሊቶች አስቀድሜ አሰምርባቸዋለሁ። ከዓመት ዕረፍቴ ላይ ለእነዚያ ቀናት በጽሑፍ እጠይቃለሁ፤ የማይፈቀድ ከሆነም የቀኑን ሥራ በዋዜማው እጨርሳለሁ፤ ወይም ከባልደረባዬ ጋር ተራ እለዋወጣለሁ፤ ለእርሱም በበዓሉ ቀን እሠራለታለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ኀላፊዬ ዝርዝሩን አይተው፣ "ይህን ሁሉ ከአሁኑ ታውቀዋለህ?" ብለው ተደነቁ። ስለ ባሕረ ሐሳብ የነገርኋቸው ያን ጊዜ ነው፤ ከሥራ ጉድለት ጋር ሳይያያዝ ስለ ቤተ ክርስቲያኔ የነገርኋቸው የመጀመሪያው ነገርም ይኸው ነበር።

ይህ ምክር ለሁሉም እንደማይሆን አውቃለሁ። በዓረብ አገራት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር እኅታችን ዕረፍት የምትጠይቅበት ቅጽ የላትም፤ በአሜሪካ የእሑድ ሌሊት ፈረቃ የተመደበበት ወንድማችንም መርሐ ግብሩን የሚያወጣው እርሱ አይደለም። ለእነርሱ ከንስሐ አባታቸው ጋር በስልክም ቢሆን ተነጋግረው የሚያደርጉት ይሻላል። ሳህን እያጠቡ የሚደረስ ውዳሴ ማርያምን እግዚአብሔር አይንቀውም።

ዮሴፍ የጠበቀው ጊዜ

የስኬት መጻሕፍት የማይነግሩን አንድ ነገር አለ፦ በቅንነት የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ አያድግም። ጻድቁ ዮሴፍ በጲጥፋራ ቤት ታማኝ ስለ ሆነ ተሾመ፤ ታማኝነቱንም ስለ ጠበቀ ታሰረ። የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ከአባቱ ቤት ወጥቶ በፈርዖን ፊት የቆመው በ30 ዓመቱ ነው (ዘፍ. 37፥2፤ 41፥46)። በመካከል 13 ዓመት አለ። ከዚያም ውስጥ ሁለቱ ዓመት ውለታ የዋለለት የጠጅ አሳላፊዎች አለቃ የረሳው ጊዜ ነው። ዮሴፍ በእነዚያ ዓመታት ያደረገው በደረሰበት ስፍራ ሁሉ የተሰጠውን ሥራ መሥራት ነበር፤ በእስር ቤት እንኳ የግዞት ቤቱ አለቃ ሁሉን በእጁ ሰጠው።

ከእስር የመውጣቱ መንገድ የተጀመረውም በትንሽ ነገር ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሁለቱ እስረኞች ፊታቸው ጠቁሮ አያቸውና ለምን እንዳዘኑ ጠየቃቸው (ዘፍ. 40፥6-7)። የራሱ መከራ የሰውን ፊት ከማየት አላገደውም። በየቢሮው ጠዋት ስንገባ ባልደረባችን እንዴት እንዳደረ የምንጠይቀው ለሰላምታ ያህል ነው ወይስ መልሱን ለመስማት?

ዮሴፍ ለፈርዖን የመከረው ምክር ደግሞ ለእያንዳንዱ ቤት ይሆናል። በጥጋቡ ሰባት ዓመት ከምርቱ አምስተኛው እጅ ይቀመጥ አለ (ዘፍ. 41፥34)። ዛሬ ባለው የኑሮ ውድነት ከደመወዙ አምስተኛውን ማስቀመጥ የሚችል ጥቂት ነው፤ አሥራቱን ካወጣ በኋላ ሃያኛውን እንኳ ያስቀመጠ ሰው ጥሩ ጀምሯል። ይህን የምለው ስለ መበልጸግ አይደለም። ተቀማጭ የሌለው ሠራተኛ በክፉ ቀን በቀላሉ ወደ ኀጢአት የሚገፋ በመሆኑ ነው። መማለጃ ዐይን ያሳውራል፤ ረኀብ ደግሞ እጅን ያስፈርማል።

አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ በሌላ መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሠራ ወጣት ይዞኝ ቀረ። አለቃው ያልገባ ዕቃ ገብቷል ብሎ ሞዴል 19 እንዲቆርጥ አዝዞታል፤ "ለሻይ" የሚሆንም እንደሚሰጠው ነግሮታል። "እንቢ ካልሁ ይባርሩኛልን?" ብሎ ጠየቀኝ። አይባርሩህም ልለው አልቻልሁም። አትፈርም፤ ትእዛዙን በጽሑፍ ስጡኝ በል፤ የምትቆርጠውን ሁሉ ቅጂ ያዝ፤ ከመሆኑ በፊት እንጂ ከሆነ በኋላ ወደ ንስሐ አባትህ አትሂድ፤ ዛሬውኑ ንገራቸው አልሁት። ለስንት ወር የሚበቃ ገንዘብ እንዳለውም ጠየቅሁት። "ለሁለት" አለኝ። "እንግዲያስ የሁለት ወር ድፍረት አለህ" አልሁት፤ ሁለታችንም ሣቅን።

አልፈረመም። አላባረሩትም፤ ነገር ግን ከዕቃ ግምጃ ቤት አንሥተው ማንም ወደማይፈልገው የመዝገብ ክፍል አዛወሩት፤ በዚያ ዓመት የጠበቀው የደረጃ ዕድገትም ቀረ። አሁን ማታ ማታ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ይማራል። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ካለው ዛፍ ሥር ተቀምጠን፣ የሳምንቱን የተማረውን በቃሉ ያሰማኛል፤ እኔም ሒሳቡን ባልችልበትም እሰማዋለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።